አማካሪዬ «አጻጻፍህ ይከብዳል» አሉኝ፤ ክብደቱን የት ልፈልገው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ የምጽፈው በተሁለደሬ ወረዳ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ስለሚካሄደው ወዳጃ፣ ማለትም ሰዎች ተሰብስበው ቡና እየጠጡ ዱዓ ስለሚያደርጉበት ሥርዓት ነው። መረጃውን ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ ሦስት ምዕራፍም ጽፌ ለአማካሪዬ አስገብቼ ነበር። ረቂቁ ሲመለስልኝ ግን በየገጹ ጠርዝ ላይ «ይከብዳል»፣ «እንደገና ጻፈው»፣ «አጻጻፍህን አስተካክል» የሚሉ ማስታወሻዎች በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈውበታል። ምኑ እንደሚከብድ የሚናገር አንድም ማስታወሻ አላገኘሁም። እኔ ደጋግሜ ሳነበው ግልጽ ሆኖ ይታየኛል፤ የፊደል ግድፈትም ሆነ የሰዋስው ስሕተት አላየሁበትም። የራሴን የአጻጻፍ ልማድ ራሴ መርምሬ የማሻሽልበት መንገድ ካለ ቢያስረዱኝ። ለናሙና አንድ ዐረፍተ ነገርና ከመስክ ማስታወሻ ደብተሬ የተገለበጠ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ጽሑፉ ለእርስዎ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ሊሉ የፈለጉትን አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ ትውስታዎ ተሸክሞ ያደርሰዋል። አማካሪዎ ያ ትውስታ የላቸውም፤ በእጃቸው ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። «ይከብዳል» ማለታቸው በሽተኛ «ያመኛል» እንደሚለው ያለ እውነተኛ ስሜት ነው፤ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ፈልጎ ማግኘት ግን የሐኪሙ ሥራ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት።

የአጻጻፍ ስልት የሚባለው ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤቶች ሲነሡ የወሎው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ሦስቱም የሚለዩት በአካሄዳቸው ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ ቅኔ መድረስን «መቁጠር» ይሉታል፤ ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል፣ መምህሩም ያርመዋል። እኔም የምመክርዎት መቁጠርን ነው፤ የእኔው ግን ሊቃውንቱ የሚያውቁት ሳይሆን ማንም በእርሳስ የሚሠራው ተራ የአንድ ሁለት ሦስት ቆጠራ ነው።

ረቂቅዎን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይተዉት። ከዚያ ከትንተናው ምዕራፍ አንድ ገጽ በወረቀት ያትሙ። መግቢያውን አይምረጡ፤ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሌሎችን ጥናቶች አቀራረብ እየተከተለ ስለሚጻፍ የጸሐፊውን የራሱን ልማድ ይሸፍናል፤ ትንተናው ላይ ግን ሰው ብቻውን ነው። በታተመው ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ በእርሳስ ይክበቡ። («አንቀጽ» በሰዋስው ግስ፣ በድርሰት አንድ የሐሳብ ክፍል፣ በሕግ ደግሞ ድንጋጌ ስለሆነ ያደናግራል፤ እዚህ ላይ የምለው ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ነው።) ቀጥሎ የዚያን ግስ ባለቤት ፈልገው ያስምሩበት። ከዚያም በመንገድ ላይ ስንት ሌላ ባለቤት እንደገባ ይቁጠሩ። በላኩልኝ ዐረፍተ ነገር እንሞክረው፤ እንደተጻፈ እነሆ፦

«በጥናቱ አካባቢ የሚከናወነው የወዳጃ ሥርዓት የማኅበረሰቡን የእርስ በእርስ የመረዳዳት ባህል ከማጠናከር አንጻር ከፍተኛ ሚና የሚጫወት ሲሆን በዚህም መሠረት በሥርዓቱ ላይ የተገኙ መረጃ አቀባዮች በተደረገላቸው ቃለ መጠይቅ እንደተገለጸው ሥርዓቱ በሚከናወንበት ወቅት ከሚቀርቡት ነገሮች መካከል ቡና ዋነኛው ሲሆን ከዚህም ጋር ተያይዞ ዱዓ የሚደረግ ከመሆኑም በላይ በመካከላቸው ቅራኔ ያላቸው ግለሰቦች እንዲታረቁ የሚደረግበት ሁኔታ መኖሩን ለመረዳት ተችሏል።»

እውነትዎን ነው፤ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። 53 ቃላት አሉት፤ ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም «ተችሏል» የሚለው ነው። ማን ቻለ? እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉበትም። አንባቢው 53 ቃላት ተሸክሞ ከመጨረሻው ሲደርስ የሚቀበለው ሰው የለም። በመንገዱ ላይ ደግሞ ወዳጃው ሚና ይጫወታል፣ መረጃ አቀባዮች ይገኛሉ፣ ቡናው ዋነኛ ይሆናል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ግለሰቦቹ ይታረቃሉ፤ አምስት የተለያዩ ባለቤቶች ማለት ነው፣ የተደበቁትን እርስዎን ስንጨምር ስድስት።

ብዙዎች ክብደቱ ከርዝመቱ የመጣ ይመስላቸውና ዐረፍተ ነገሩን በዘፈቀደ መቆራረጥ ይጀምራሉ። አማርኛ ግን ረጅም ዐረፍተ ነገር የመሸከም ጥንታዊ ችሎታ አለው፤ ቦዝ አንቀጽን (እንደ «ተነሥቶ»፣ «ጠርቶ» ያለውን፣ ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ ግስ) የፈጠረውም ለዚህ ይመስለኛል። «ሥርዓቱን የሚመሩት አባት ተነሥተው፣ ሁለቱን በስም ጠርተው፣ በመካከላቸው ቆመው፣ እጅ ለእጅ አጨባበጧቸው» ብንል አራት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ይነበባል፤ የሚከብደው አንባቢም የለም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠሩት አንድ ሰው ናቸው። የእርስዎን ዐረፍተ ነገር ያከበደው ባለቤቱ በየጥቂት ቃሉ እየተለዋወጠ መሄዱና ከመጨረሻውም መጥፋቱ ነው። በሌሎቹ ገጾችዎ ላይም ቆጠራውን ቢሠሩ ይኸው ነገር እንደሚደጋገም እገምታለሁ። ልማድ ነውና።

አሁን ወደ ማስታወሻ ደብተርዎ እንመለስ። እዚያ ላይ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «አቦል ተጠጣ። ዱዓ። ቶናው ሲቀዳ አባትየው ሁለቱን ጎረቤታሞች በስም ጠሯቸው። በእርሻ ድንበር የተጣሉ ናቸው፤ ከመስከረም ጀምሮ አይነጋገሩም። አጨባበጧቸው። ታናሹ አለቀሰ።»

ይህ ገጽ አይከብድም። ማን ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገ፣ በምን ምክንያት እንደተጣሉ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ይህን የጻፈው እጅ ነው ያንን የጻፈው። ከደብተሩ ወደ ምዕራፉ ሲሻገሩ አባትየው ጠፉ፣ ጎረቤታሞቹ «ግለሰቦች» ሆኑ፣ የእርሻ ድንበሩ «ቅራኔ» ሆነ፣ ማጨባበጡም «እንዲታረቁ የሚደረግበት ሁኔታ መኖር» ሆኖ ቀረ። ምሁራዊ ለማድረግ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ይሁን እንጂ አንድን ጽሑፍ ምሁራዊ የሚያደርገው ማስረጃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳየው፣ ማን እንደተናገረውና ስንት ሰው እንደተናገረው አንባቢው ተከታትሎ ሊደርስበት መቻሉ ነው፤ ከባዱ ዐረፍተ ነገር ያጠፋው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው። ፈታኝዎ «ይህን ማን ነገረህ?» ቢሉ ደብተሩ መልስ አለው፣ ምዕራፉ ግን የለውም።

እኔ ብሆን ከሁለቱ አገናኝቼ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በወዳጃው ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ቡና እየጠጡ ዱዓ ያደርጋሉ፤ የተጣሉ ካሉም ያስታርቃሉ። አጥኚው በተገኘበት አንድ ወዳጃ ላይ ቶናው ሲቀዳ ሥርዓቱን የሚመሩት አባት በእርሻ ድንበር ተጣልተው ለወራት ሳይነጋገሩ የቆዩ ሁለት ጎረቤታሞችን በስም ጠርተው አጨባብጠዋቸዋል። አጥኚው ካነጋገራቸው ሰዎች መካከል … ያህሉ ወደ ወዳጃ የሚመጡት ለዚሁ እርቅ ሲሉ ጭምር እንደሆነ ተናግረዋል። ከዚህ በመነሣት ወዳጃ፣ ቢያንስ በዚህ ቀበሌ፣ ጎረቤታሞች የሚታረቁበት አንዱ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።»

ነጠብጣቡን እርስዎ በቁጥር ይሙሉት፤ እኔ አላውቀውም፣ የእርስዎም ምዕራፍ አልነገረኝም። ልብ ይበሉ፤ አዲሱ ከቀድሞው በጥቂት ቃላት ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ነገር ግን አራት ማሰሪያ አንቀጽ አለው፣ ከአራቱም ሦስቱ የሚታይ አድራጊ አላቸው፤ አራተኛው «ይቻላል» ደግሞ የእርስዎ መደምደሚያ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢናገር ያምርበታል። «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል» የሚለውን ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ከባዕድ ቋንቋ ተተርጉሞ የገባና በየመግለጫው የተሰለቸ አነጋገር ከመሆኑ ሌላ ምን እንደተደረገ አይናገርም። ወዳጃው ያስታርቃል፤ ያስታርቃል ማለት እየተቻለ ሚና ማጫወት ለምን ያስፈልጋል?

«አጥኚው» ብዬ የጻፍሁት ብዙ የትምህርት ክፍሎች «እኔ» ማለትን ስለማይወድዱ ነው። የእርስዎ ክፍል ከፈቀደ «እኔ በተገኘሁበት» ቢሉ የበለጠ ይቀልላል። ካልፈቀደም «አጥኚው ተገኝቷል» ማለት «ምልከታ ተደርጓል» ከማለት እጅግ ይሻላል፤ ቢያንስ የተመለከተ ሰው እንዳለ ይታወቃል።

ስለ ግሱ ጥንካሬ አንድ ነገር ልጨምር። «ያረጋግጣል»፣ «ያሳያል»፣ «ያመለክታል»፣ «ይመስላል» የሚሉት ቃላት ለድግግሞሽ መሸሻ እንዲሆኑ በተራ የሚቀያየሩ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የተለያየ መጠን ያለው ኃላፊነት ያሸክማሉ። በአንድ ቀበሌ የተደረገ ጥናት ስለ መላው የወሎ ማኅበረሰብ ምንም ነገር «ሊያረጋግጥ» አይችልም፤ ስለዚያ ቀበሌ ግን «ሊያሳይ» ይችላል። ምሳሌው ከደሴ ብዙም አይርቅም። በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ ሲሄዱ በሚያገኟት በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ጠቡ ከሰባት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ደረሰ። ምሳሌው በትምህርት ቤት የተደጋገመ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየገጽዎ ላይ «ያረጋግጣል» ባሉ ቁጥር ግን ቢያስታውሱት አይከፋኝም።

የተሰለቹ ቃላትን ለማደን ኮምፒዩተሩ ያግዝዎታል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍቼ «ከዚህ አንጻር» የሚለውን በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ስጽፍ የመጣውን ቁጥር አይቼ ወዲያው ዘጋሁት። ማንም እንዳላየኝ ዞር ብዬ አረጋግጬ ነበር። እርስዎ ደግሞ «ሲሆን»ን ይፈልጉት። ይህ ቃል «ጊዜው ማታ ሲሆን» እንደምንለው ጊዜንና ሁኔታን ሲያመለክት በቦታው ነው፤ ዛሬ ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን የሚያጣብቅ ሙጫ ሆኗል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «ሲሆን»ን አውጥተው በምትኩ «ነው»ና አራት ነጥብ ያስገቡ። የጠፋ ትርጉም ከሌለ ቃሉም አያስፈልግም ነበር። በላኩልኝ ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለቱንም ቢያወጧቸው ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

ፍለጋው እንዳያሳስትዎት ግን ይጠንቀቁ። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም ከተጠቀሙ ቁጥሩ ግማሹን ብቻ ያሳይዎታል። ከሀ፣ ከሐና ከኀ፣ ከሰና ከሠ፣ ከአና ከዐ የትኛውን እንደሚጽፉ አንድ መዝገበ ቃላት መርጠው ይወስኑና እስከ መጨረሻው ይከተሉት። አራት ነጥብንም እንዲሁ፤ ብዙዎቻችን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት አራት ነጥብ ያደረግን ይመስለናል፣ ለዓይን ይመሳሰላል፣ ዐረፍተ ነገሮችን በአራት ነጥብ ለመቁጠር ሲሞክሩ ግን ኮምፒዩተሩ አንድም ዐረፍተ ነገር አያገኝም።

በአያያዥ ቃላት ላይ አልቆይም። በአንድ ገጽ ላይ ያሉትን የሐሳብ ክፍሎች መጀመሪያ ብቻ እያነበቡ ይውረዱ። በተከታታይ «በተጨማሪም»፣ «ከዚህም በተጨማሪ»፣ «በተመሳሳይ ሁኔታ» የሚሉ ከሆነ ነገር እየከመሩ ነው ያሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ምክንያት ገና አልተገኘም። ያን ጊዜ የሚታረመው ቃሉ ሳይሆን የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ነው።

ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ ጮክ ብለው ያንብቡት። ትንፋሽ ያጠረዎትን ቦታ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉበት፤ ሳያስቡት በአፍዎ ቀይረው ያነበቡትን ቃልም እንዲሁ፤ አፍዎ ያስተካከለው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የገለጻውን ክፍል ለራሳቸው ለወዳጃው አባት ያንብቡላቸው። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል እንዲከታተሉ ማንም አይጠብቅም፤ የራሳቸውን ሥርዓት በጽሑፍዎ ውስጥ ካላወቁት ግን ወደ ደብተርዎ ይመለሱ።

የሚያደንቁት አንድ የጥናት ጽሑፍ ካለም ከእርሱ አንድ ገጽ ወስደው ይህንኑ ቆጠራ ይሥሩበት። እዚያም ረጅም ዐረፍተ ነገር ማግኘትዎ አይቀርም። የሚያዩት ልዩነት ረጅሙ የት እንደገባ፣ ከእርሱ በኋላ አጭሩ እንዴት እንደተከተለ፣ ባለቤቱም ስንት ጊዜ ሳይቀየር እንደቆየ ነው።

ጥያቄ፦ በወልድያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ የሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት መርሐ ግብር እየተከታተልሁ ነው። ጽሑፌን የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡ በአማርኛ ይመጣልኝና ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። መምህሬ ዐረፍተ ነገሮቼ «ጅራታቸው ከራሳቸው ይቀድማል» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? በእንግሊዝኛ ማሰብ አለብኝ ማለት ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ መምህርዎ የተናገሩት ስለ ግሱ ቦታ ይመስለኛል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው ከመጨረሻ ነው፤ እኛም ከልጅነት ጀምሮ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱንና ሁኔታውን በእጃችን ይዘን ግሱን መጠበቅ ለምደናል። የእንግሊዝኛ አንባቢ እንዲህ አልለመደም፤ ባለቤቱንና ግሱን አስቀድሞ ይፈልጋል፣ ሁኔታውን ኋላ ይቀበላል። እርስዎ «በወልድያ ከተማ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በዕጣ የተመረጡ የሳይንስ መምህራን በሰጡት መረጃ መሠረት የቤተ ሙከራ እጥረት ዋነኛ ችግር ነው» የሚለውን በአማርኛው ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት፣ አንባቢው ዋናው ጉዳይ የቤተ ሙከራ እጥረት መሆኑን የሚያውቀው መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መመርመሪያው ለደሴው ጠያቂ ከነገርኋቸው ብዙም አይለይም። አንድ ገጽ ያትሙ፣ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ዋና ግስ ይክበቡ። ክቡ ከመጀመሪያው መስመር አልፎ የወደቀበትን ዐረፍተ ነገር ለይተው ባለቤቱንና ግሱን ወደ ፊት ያምጡ፤ ከፊት የነበረውን ሁኔታ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ወይም ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ያድርጉት። ሁሉም እንዲህ ይሁን አልልም። ሁኔታው ካለፈው ዐረፍተ ነገር ጋር የሚያያዝ ከሆነ ከፊት መሆኑ ተገቢ ነው፣ አጭር እስከሆነ ድረስ።

ሁለተኛው ነገር በሁለቱም ቋንቋ ያለ በሽታ ነው። «መረመርሁ» በማለት ፈንታ «ምርመራ አካሄድሁ»፣ «ተወያየን» በማለት ፈንታ «ውይይት አደረግን» እንላለን፤ ሥራው ወደ ስም ይቀየርና ባዶ ግስ ይከተለዋል። ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ኮንዳክት»፣ «ፐርፎርም»፣ «ካሪ አውት» የሚሉት ግሶች ገጹን ይሞሉታል። እነዚህን ሦስቱን በፍለጋ ያግኟቸውና ከእያንዳንዱ አጠገብ ያለውን ስም ይመልከቱ፤ በውስጡ የተቀበረ ግስ ካለ ያውጡት። የጥናት ዘዴውን በሚገልጸው ክፍል አድራጊ የሌለው ግስ የተለመደና ተቀባይነት ያለው ስለሆነ እዚያ ላይ ራስዎን አያስጨንቁ፤ ማን እንደሠራው የሚያጠራጥር ነገር የለም። በውይይቱ ክፍል ግን የእርስዎን አስተያየት ከሌሎች አስተያየት መለየት ግድ ነው።

በእንግሊዝኛ ማሰብ የሚባለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ሐሳብ በመጣበት ቋንቋ ይምጣ። የማልመክረው ሙሉ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ አሳምረው ከጨረሱ በኋላ ቃል በቃል መመለስን ነው፤ አማርኛው አንዴ ከታሰረ ለመፍታት ያስቸግራል። በአማርኛ የሚጽፉት የነጥቦቹን ጭብጥ ብቻ ይሁን፤ ማን፣ ምን አደረገ፣ ለምን። ዐረፍተ ነገሩ ግን በእንግሊዝኛ ይወለድ። ያነጋገሯቸው መምህራን የተናገሩትን ደግሞ በተናገሩበት በአማርኛ በደብተርዎ ያኑሩት፤ ትርጉምዎ ትክክል መሆኑን በኋላ የሚያመሳክሩት በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን ለቻት ጂፒቲ ሰጥቼ «ምሁራዊ አድርገው» ስለው በጣም አሳምሮ ይመልስልኛል። ይህን መጠቀም ነውር አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚወስነው የሚማሩበት ተቋም ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርት ክፍልዎን መመሪያ ይጠይቁ፣ የተጠቀሙትንም አይደብቁ።

ከመመሪያው ውጭ ያለኝን አስተያየት ከፈለጉ «ምሁራዊ አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ይቀፈኛል። እንዲህ ሲታዘዝ ፕሮግራሙ የሚመልስልዎት ከላይ የደሴው ጠያቂ የተቸገሩበትን ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ሚናው ይበዛል፣ «ከፍተኛ»ው ይበዛል፣ ሰዎቹ ይጠፋሉ። ደብተርዎን አላየውም፣ ቶናው ሲቀዳ ማን እንዳለቀሰም አያውቅም፤ የጎደለውን ቁጥር በቅጽል ይሞላዋል። የተመለሰልዎት ያማረ መስሎ የታየዎትም ደጋግመው ያዩትን አነጋገር ስለሚመስል ሊሆን ይችላል።

እንዲጽፍልዎት ከማድረግ ይልቅ እንዲመረምርልዎት ቢያዝዙት የተሻለ ይጠቅማል። አንድ ገጽ ሰጥተው «ምንም ሳትቀይር የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ለይተህ አሳየኝ፤ አድራጊው ያልታወቀበትንም ቁጠርልኝ» ይበሉት። በአማርኛ ላይ ስለሚሳሳት የሰጠዎትን በእርሳስ እንደገና ያመሳክሩት። ማረሙን ግን እርስዎ ይሥሩት።

ምንጭ እንዲጠቁምዎት ከጠየቁት ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሌለ መጽሐፍና የሌለ መጣጥፍ ከነዓመተ ምሕረቱና ከነገጽ ቁጥሩ ፈጥረው ያቀርባሉ፤ አቀራረቡም ከእውነተኛው አይለይም። የጠቀሰልዎትን እያንዳንዱን ምንጭ በቤተ መጻሕፍት ወይም በኢንተርኔት ፈልገው አግኝተው፣ ገጹን በዓይንዎ አንብበው ካልሆነ በቀር በጽሑፍዎ ውስጥ አያስገቡት።